የእንግሊዝኛው «ፕረዘንትሊ» (presently) አሁን ነው ወይስ ቆይቶ?

«ዶክተሩ ፕረዘንትሊ ያይሃል» ከተባልክ፣ ትንሽ ቆይቶ ማለት ነው፤ ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ግሡ የወደፊት ከሆነ «ቆይቶ» ነው። «ፕረዘንትሊ እዚህ ይሠራል» ከሆነ ግን «አሁን» ነው፣ ይሄኛው አሜሪካና ስኮትላንድ ይበዛል።

ሁለት ትርጉም ያመጣው ቃሉ ራሱ ስለተንሸራተተ ነው። ድሮ «ወዲያውኑ» ነበር። በ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማቴዎስ 21፥19 ላይ፣ በለሷ የደረቀችው «ፕረዘንትሊ» ነው፤ እዚያው በዚያው ማለት። ሰው ግን «አሁን መጣሁ» ብሎ ይቆይ የለ? ቃሉም በዚያው ልማድ ቀስ በቀስ ወደ «ቆየት ብሎ» ዞረ፣ ዛሬ «በቅርቡ» የሚባለው «ሱን»ም (soon) በጥንቱ እንግሊዝኛ «ወዲያው» ነበር፣ ደስ የሚል ነገር ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሲቪ ላይ አትጻፈው። የሰው ሲቪ ሳርም ሁሌ በ«ከረንትሊ» (currently) ነው የምቀይረው፣ እሱን እንግሊዙም አሜሪካዊውም «አሁን» ብሎ ነው የሚያነበው።