ዓባይን ተከትዬ ስመለስ የተጠየቅሁት

ይድረስ ለምትጓዙ ልጆቼ፤

እዚህ ደብረ ማርቆስ የማውቃችሁ አንዳንድ ወጣቶች ቦርሳችሁን በጀርባችሁ አዝላችሁ ብቻችሁን ውጭ አገር ለማየት እንዳሰባችሁ ስትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ የምትጠይቁኝ ግን ሁልጊዜ ስለ መሄዱ እንጂ ስለ መመለሱ አይደለም። ዕድሜዬን በውኃ መሐንዲስነት የወንዞችን ፍሰትና የዝናብን መጠን ስመዘግብ የኖርሁ ሰው ነኝና ስለ መሄዱ ባጭሩ ተናግሬ ስለ መመለሱ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን፤ ቪዛችሁን በሕጋዊ መንገድ አውጡ፤ የቢጫ ወባ የክትባት ካርዳችሁን አትርሱ፤ ገንዘባችሁን በአንድ ኪስ አታድርጉ፤ በየደረሳችሁበት የምታድሩበትን ለአንድ የቤት ሰው አሳውቁ። በደላላ እጅ ድንበር መሻገርን ግን ከቶ ጉዞ ብላችሁ አትጥሩት። ቀሪውን መንገዱ ያስተምራችኋል።

ብቻን መንገድ መውጣት ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አገራችን የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከዋሸራ የቅኔ ቤት እስከ ዲማ ሲዘዋወር የኖረባት ናት። ይሁን እንጂ መንከራተቱ ብቻውን ማንንም ባለቅኔ አላደረገም። ተማሪው ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ከቆጠረ በኋላ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ቆጠራ አለ፤ ነገራ አለ። እኔ ይህን እያወቅሁ ያደግሁ ሰው ስሆን፣ የራሴን ጉዞ ሳስብ ግን ነገራውን ከነጭራሹ ዘንግቼው ነበር።

በጥቅምት 2001 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቼ ወንዙ የሚወርድበትን አገር እስከ አስዋን ለማየት ወጣሁ። በመተማ ተሻግሬ በገዳሪፍ በኩል ካርቱም ገባሁ፤ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት በሞግራን ቆሜ፣ ገና ያልጠራው የእኛ ዓባይና ነጭ ዓባይ ቀለማቸው ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ሲሄዱ ለረጅም ሰዓት ተመለከትሁ። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ዋዲ ሐልፋ ይሄድ በነበረው ባቡር ተሳፈርሁ። ከአቡ ሐመድ ወዲያ ያሉት የበረሃ ጣቢያዎች ስም የላቸውም፤ የሚጠሩት በቁጥር ነው። የቀድሞዋ ዋዲ ሐልፋ ከተማ የአስዋን ግድብ ባጠራቀመው ሐይቅ ተውጣለች፤ ከአዲሲቱ ተነሥተን አንድ ሌሊት በጀልባ ተጉዘን አስዋን ደረስን።

እዚያ ያየሁትን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እየተባለ ሲተረት አድገናል። እኔ ግን ማደሪያውን አየሁት። ሐይቁ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከጮቄ ተራራ ተዳፋትና ከየማሳችን ተጠርጎ የሚወርደው አፈር፣ ውኃው ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ አብዛኛው ገና በሱዳን በኩል እያለ ይዘቅጣል። ስለዚህ አስዋን ላይ፣ 111 ሜትር ከፍታ ካለው ግድብ በታች የሚወጣው ውኃ የጠራ ነው። የሚሮጥ ውኃ አፈሩን እንደያዘ ይሮጣል፤ ይህን በሙያዬ ስንት ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ በራሴ ላይ ግን አልለካሁትም።

በተመለስሁ ማግስት ቢሮ ገባሁ። የጉዞ ደብተሬን ሣጥን ውስጥ ከተትሁት፤ ለጓደኞቼ በየቡናው ላይ ስለ ግድቡና ስለ በረሃው ደጋግሜ ስላወራሁ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ብዙ ዘግይቼ ሣጥኑን ስከፍት «ደግ ሰዎች ናቸው»፣ «በጣም ያማረ ቦታ ነው» የሚሉ መስመሮች አገኘሁ፤ ደጎቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ ቦታው ምኑ እንዳማረ አንዱንም ማስታወስ አልቻልሁም። አንድ ባለሙያ ቀኑንና ሰዓቱን ሳይጽፍ የወንዝ ልኬት ይዞልኝ ቢመጣ ኖሮ እመልሰው ነበር።

በዚያው ሰሞን የቅኔ መምህር የሆኑትን የእናቴን ወንድም ልጠይቃቸው ሄድሁ። «ያን ጊዜ ስትሄድ ምን አየህ?» አሉኝ። የግድቡን ከፍታ፣ የሐይቁን ርዝመት፣ የባቡሩን ነገር ዘረዘርሁላቸው። የኔታ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና «እሱንስ ሳትሄድም ከመጽሐፍ ታገኘው ነበር፤ ለመሆኑ በመንገድህ አንተን የጠየቀህ ሰው አልነበረም?» አሉኝ።

ነበረ። ካርቱም ውስጥ በመንገድ ዳር ዝንጅብል የገባበትን፣ ሱዳኖች ራሱን «ጀበና» የሚሉትን ቡና የምትሸጥ አንዲት ልጅ በአነጋገሬ ጎጃሜነቴን ለየችና ከቢቸና በኩል እንደሆነች ነገረችኝ። ከዚያም «ጋሼ፣ የከረመው ክረምት እንዴት ነበር?» አለችኝ። እኔም «ደኅና ነበር» ብዬ ሒሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ። የዚያን ክረምት ዝናብ በየቀኑ የሚመዘግብ ቢሮ ውስጥ የምሠራ ሰው፣ ቤተሰቧ የሚበላው በዚያ ዝናብ መሆኑን የማውቅ ሰው፣ ለአገሬ ልጅ የሰጠኋት መልስ ይህ ብቻ ነበር። በደብተሬ ውስጥ ስለ እርሷ አንድ ቃል አልነበረም። የኔታ ባይጠይቁኝ ኖሮ ከእኔ ጋር ትጠፋ ነበር።

ስለዚህ ስትመለሱ፣ ለጓደኛ ከማውራታችሁ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ብቻችሁን ተቀመጡ። ስልካችሁ ያነሣውን ፎቶግራፍ ለጊዜው ተዉትና ፎቶግራፍ ያላነሣችሁትን ጻፉ፤ የተናገራችሁትን አማርኛም ሆነ የተሰባበረ ዓረብኛ፣ ያፈራችሁበትን፣ የቸኮላችሁበትን፣ ማን ምን እንደጠየቃችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚያደንቃችሁን ሳይሆን የሚጠይቃችሁን ሰው ፈልጉና ንገሩት፤ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ቢሆኑ ከማንም ይሻላሉ፤ ምክንያቱም በጠራችሁት ስም ሁሉ «እሱ ደግሞ ማን ነው?» እያሉ ያስቆሟችኋል።

ያ የሄድሁበት መንገድ ዛሬ ለመንገደኛ አይሆንም፤ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ናት፤ ካርቱምም እኔ ያየኋት ካርቱም አይደለችም። ያቺ ልጅ ወዴት እንደ ደረሰች የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ከየኔታ ዘንድ በተመለስሁ በሳምንቱ የ2000 ዓ.ም. ክረምት የቢቸና አካባቢ የዝናብ መዝገብ ከማኅደር አስወጣሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን፣ የዘነበበትንም ያልዘነበበትንም ቀን፣ ሚሊ ሜትሩን እየጻፍሁ በደብተሬ ውስጥ ካርቱም በነበርሁበት ቀን ሥር ገለበጥሁት። አሁንም እዚያው አለ።