ሮሜ 13 በሂትለር ዘመን፦ የጀርመን ወንጌላውያን የት ላይ እምቢ አሉ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። የጀርመን ፕሮቴስታንቶች ለሂትለር የተገዙት «ለበላይ ባለ ሥልጣናት ተገዙ» የሚለውን ሮሜ 13ን ለመታዘዝ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? አማኝስ ለመንግሥት እምቢ የሚለው ምን ሲሆን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሂትለር እንዲገዙ ያደረጋቸው ሮሜ 13 ብቻ አይደለም። እስከ 1918 ድረስ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የየግዛቱ ንጉሥ ወይም መስፍን የቤተ ክርስቲያንም የበላይ አስተዳዳሪ ነበር። ሪፐብሊክ የሆነችው ጀርመን በ1919 ያወጣችው የቫይማር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 137 የመንግሥት ቤተ ክርስቲያንን አስቀረ፤ ከምእመናን ግብር የመሰብሰብ መብትን ግን አልነካም። ብዙዎቹ መጋቢዎችም ልባቸው ከወረደው ዙፋን ጋር ስለነበር አዲሱን ሪፐብሊክ አልወደዱትም። ሂትለር ሲመጣ እልል ያሉት ጥቂት አይደሉም።

በ1933 መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን በር አልዘጋም፤ በምርጫ ገባ። የጁላይ 23ቱ የቤተ ክርስቲያን ምርጫ ዋዜማ ላይ ሂትለር በራዲዮ «ጀርመናውያን ክርስቲያኖች» የተባለውን፣ ለናዚዎች ያደረ የቤተ ክርስቲያን ወገን ደገፈ፤ ወገኑም ሁለት ሦስተኛ ያህል ድምፅ አገኘ። በሴፕቴምበር የትልቁ የጀርመን ግዛት የፕሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ የአይሁድ ዘር ያለባቸውን አገልጋዮች ከሥራ የሚያስወጣ ሕግ አጸደቀ። ነገሩ የአስተዳደር ጉዳይ መሆኑ እዚህ ላይ አበቃ፤ የተጠመቀን ሰው በደሙ መለየት በክርስቶስ አይሁዳዊ ወይም ግሪካዊ የለም የሚለውን ገላትያ 3፥28ን መሻር ነውና። የበርሊኑ መጋቢ ማርቲን ኒሞለር ይህን የሚቃወሙ መጋቢዎችን በፊርማ አሰባሰበ፤ በ1934 መጀመሪያ 7,000 ያህል ደርሰው ነበር።

በዚያው ዓመት በሜይ መጨረሻ ተቃዋሚው ወገን ባርመን በተባለች የጀርመን ከተማ ተሰብስቦ ባለ 6 አንቀጽ መግለጫ አወጣ። እያንዳንዱ አንቀጽ ቃሉን ያስቀድማል፣ የሚታመነውን ይናገራል፣ ከዚያ የሚቃወመውን ሐሰተኛ ትምህርት ይጠራል። ለጥያቄዎ መልስ ያለው 5ኛው ላይ ነው። «እግዚአብሔርን ፍሩ፥ ንጉሥን አክብሩ» (1ጴጥ 2፥17) ብሎ ይነሣና ፍትሕንና ሰላምን መጠበቅ ለመንግሥት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ሥራ ነው ይላል። መንግሥት የሰውን ሕይወት በሙሉ ልግዛ ቢል ይቃወማል፤ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥትን ሥራና ክብር ልውሰድ ብትልም ይቃወማል። ይህቺን ሁለተኛዋን ሰባኪዎቻችን መዝለል ይወዳሉ። በሌላ በኩል መግለጫው ስለ አይሁድ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ትልቅ ጉድለቱ ነው።

እንግዲህ ግብር ክፈል፣ ተመዝገብ ሲባል እንታዘዛለን። ማን ይስበክ፣ ማን ይጠመቅ፣ ምን ይሰበክ የሚለውን መንግሥት ልወስን ሲል ግን እምቢ እንላለን።

እምቢታው በገንዘብ በኩልም ይፈተናል። በ1935 የፕሩሲያ መንግሥት በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የራሱን የፋይናንስ ክፍሎች አቋቋመ፤ በ1937 ደግሞ ተቃዋሚው ወገን የራሱን መባ እንዳይሰበስብ ተከለከለ።