47 ኪሎ፣ የአምስት ዓመት ውል እና የእህትህ ገንዘብ

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ስደግመው ግን ተናደድኩ። የተናደድኩት በአንተ አይደለም።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው የ21 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ማለፊያ ነጥብ አላመጣም። አምስት ዓመት ቦክስ ሠርቷል፤ ክብደቱ 47 ኪሎ ነው። በቴሌግራም ያገኘው አንድ «ማናጀር» እስያ ወስዶ ፕሮፌሽናል ሊያደርገው የአምስት ዓመት ውል ልኮለታል። ለ«ፕሮሰስ» 180 ሺህ ብር ይጠይቃል። አብዛኛውን ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ልትልክ ነው፤ የጎደለውን እናቱ ከእቁብ ልትሞላ። ቤተሰቡ «ዕድል ደጅህ ድረስ መጥታ እንዴት ትገፋታለህ?» እያለ ይወተውተዋል። እሱም «ጋሼ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ጠይቆኛል።

በዚህ ውል አትሂድ።

የአንተ ክብደት በወንዶች ፕሮፌሽናል ቦክስ የመጨረሻው ትንሹ ነው። ጣሪያው 47.6 ኪሎ ነው፤ ከሱ በታች ሌላ የለም። የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረለትም እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በዚህ ክብደት ችሎታ አልጎደለም። የሜክሲኮው ሪካርዶ ሎፔዝ 51 ጊዜ አሸንፎ፣ አንዴ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ከሪንግ ወጣ። የታይላንዱ ዋንሄንግ ሜናዮቲን እስከ 2020 ድረስ 54 ጊዜ ገጥሞ 54ቱንም አሸነፈ። ዝነኛው አሜሪካዊ ቦክሰኛ ሜይዌዘር ያቆመው 50 ላይ ነው። ሰፈርህ ውስጥ ሜይዌዘርን የማያውቅ አታገኝም። ዋንሄንግን የሚያውቅ ስንት ሰው ታገኛለህ? ተመልካች ሲያንስ ገንዘብም ያንሳል።

እስከ 2024 ሻምፒዮን የነበረው ሌላው የታይላንድ ቦክሰኛ ታማኑን ኒዮምትሮንግ ሪንግ ላይ የሚጠራው «ኖክአውት ሲፒ ፍሬሽማርት» ተብሎ ነው። ሲፒ ፍሬሽማርት የምግብ ሱቆች ስም ነው። ለዓመታት ቀበቶ የያዘ ሰው፣ በገዛ አገሩ፣ የስፖንሰሩን ስም እንደ አባት ስም ተሸክሞ ነው የሚገጥመው። እሱ ግን ቢያንስ ስፖንሰር አለው። የሚያጨበጭብለትም የአገሩ ሰው ነው። አንተ እዚያ ስትደርስ እንግዳ ነህ።

የሚያሰጋኝም ይኸው እንግድነትህ ነው። የዚህ ክብደት ሥራ በብዛት ያለው ጥቂት አገር ውስጥ ነው፤ ጃፓን፣ ታይላንድ፣ ፊሊፒንስ፣ ሜክሲኮ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ከእኛ አህጉር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ። እዚያ ያለ ፕሮሞተር፣ ማለትም ግጥሚያ አዘጋጅ፣ የራሱን ልጅ ወደ ሻምፒዮንነት ሲያሳድግ የሚሸነፍለት ሰው ይፈልጋል። ያንን ሰው ከድሃ አገር ያስመጣዋል፣ በአጭር ቀን ይነግረዋል፣ ከክብደቱ በላይ ያጋጥመዋል።

የላክልኝን የውሉን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጋጣሚ የሚመርጠው ማናጀሩ ብቻ ነው ይላል። ቦክሰኛው እስከ 51 ኪሎ ለመግጠም ተስማምቷል ይላል። የግጥሚያ ጥሪ 7 ቀን ሲቀረው ሊመጣ ይችላል ይላል። ሦስቱን አንድ ላይ አንብባቸው። የ4 ኪሎ ልዩነት ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ለአንተ ግን ከሰውነትህ ከ8 በመቶ በላይ ነው። በዚያ ላይ ፕሮፌሽናሎች የሚመዘኑት ከግጥሚያው አንድ ቀን ቀደም ብለው ነው። ተጋጣሚህ ሚዛን ላይ 51 ሆኖ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ በማግስቱ ከዚያ በላይ ሆኖ ይመጣብሃል። ይህ ውል እንድታሸንፍ የተጻፈ አይደለም።

ሒሳቡንም እንየው። እንበልና ለአንድ ግጥሚያ 1 ሺህ ዶላር ተከፈለህ። ውሉ ለማናጀሩ 40 በመቶ ይሰጠዋል፤ ብዙ ቦታ ግን ጣሪያው አንድ ሦስተኛ ነው። አሰልጣኝ 10 በመቶ ይወስዳል። 500 ዶላር ቀረህ። ቲኬትና ማረፊያ የሚቆረጠው ከዚችው ነው። የእህትህን ገንዘብ ከየትኛው ትመልሳለህ?

እኔ በ19 ዓመቴ ሯጭ ነበርኩ። ውጭ አገር አወዳድርሃለሁ የሚል ሰው መጣ። አባቴ ጥንድ በሬውን ሸጦ ሰጠው። ሰውየው ገንዘቡን እንደተቀበለ ጠፋ። በዚያ ዓመት አባቴ መሬቱን በእኩል ለሌላ ሰው ሰጠ። እኔም ሩጫውን ተውኩት። እግሬ ደህና ነበር። ማለዳ ጫማዬን ሳስር የአባቴ ባዶ በረት ፊቴ ላይ ይመጣብኝ ነበር እንጂ። ኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ተማርኩ፤ ስምንት ዓመት ሕንፃ ላይ ሽቦ ዘርግቻለሁ።

ስለዚህ ለቤተሰብህ ይህን በግልጽ እላለሁ። እንደምትወዱት አውቃለሁ። ግን የምታደርጉት ነገር የአንዷን ልጃችሁን ላብ ወስዳችሁ በሌላው ልጃችሁ ጭንቅላት ላይ ማስያዝ ነው። በዕዳ የሄደ ቦክሰኛ እምቢ ማለት አይችልም። ሲያመውም፣ ኪሎው ሳይመጣጠንም ይገጥማል። እህቱ የስንት ሌሊት እንቅልፏን አጥታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። የወንድሟን ድብደባ አትግዙበት።

ሰውየውን መመርመር ከፈለግህ ቀላል ነው። ቦክስሬክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የፕሮፌሽናሎች ሪከርድ ይገኛል። ወሰድኳቸው የሚላቸውን ልጆች ስም ጠይቀውና ፈልጋቸው። ሰው አገር እየሄዱ በተከታታይ የሚሸነፉ ከሆኑ የሰውየው ሥራ ተሸናፊ ማቅረብ ነው። የዚያን አገር የቦክስ ኮሚሽን ፈቃድም ይላክልህ። ደግሞም ደህና ማናጀር የሚበላው ከግጥሚያህ ክፍያ ነው፤ ገና ሳትገጥም ከእናትህ እቁብ አይደለም።

ሌሎቹን ጥያቄዎች ባጭሩ። አሰልጣኝህ ኪሎ ጨምር ማለቱ ስለ ኦሊምፒክና ስለ ክለብ እያሰበ ከሆነ ልክ ነው፤ በፓሪስ 2024 የወንዶች ትንሹ ክብደት 51 ነበር። ግን በምግብና በጉልበት ሥራ፣ በዝግታ ይሁን። እናትህ ቦክስ ጭንቅላት ይጎዳል ማለታቸውም እውነት ነው፤ ተመትተህ ራስህን ባመመህ ሳምንት ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) አትግባ።

ቦክሱን ተወው አላልኩህም። የፖርቶ ሪኮው ኦስካር ኮላዞ በ2023 የዓለም ቀበቶ የወሰደው በ7ኛው የፕሮፌሽናል ግጥሚያው ነው። ከዚያ በፊት ግን አማተር ሆኖ ብዙ ሠርቷል፤ በ2019 የፓን አሜሪካን ወርቅ አግኝቷል። አንተም ሁለት ሦስት ዓመት እዚሁ በአማተር ግጠም፣ ደሞዝ የሚከፍል ክለብ ፈልግ። ጎን ለጎን አጭር የኤሌክትሪክ ሥልጠና ግባ። ጃፓን ውስጥ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ጂም የሚገባ ፕሮፌሽናል ሞልቷል። ማለዳ ሮጠህ፣ ቀን ሠርተህ፣ ማታ ጓንት ታጠልቃለህ። የራስህ ገቢ ሲኖርህ ቀጣዩን ውል ተረጋግተህ ታነባለህ።

ገንዘቡ ገና አልተላከም ብለሃል። ለእህትህ ዛሬ ማታ ደውልላት፤ ከሥራ የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቅና አንተው ራስህ ንገራት።