የተዘጋ ኤክሴል ማንበብ እና የስምንቱ ረድፍ ጣጣ

ሜክሲኮ አካባቢ ሒሳብ ክፍል የምትሠራው እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው፦ «በየወሩ ከቅርንጫፎች 14 የኤክሴል ፋይል ይመጣልኛል። አንድ በአንድ ከፍቼ ኮፒ ሳደርግ ቀኑ ያልቃል። ሳልከፍት በኮድ ማንበብ ይቻላል?»

ይቻላል። እኔም ቸርችል ጎዳና ላይ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ስሠራ በዚሁ ነገር ፍዳዬን አይቻለሁ። የመርካቶውም የፒያሳውም የካዛንቺሱም መደብር ማታ ማታ ሽያጩን ጽፎ የጋራ ፎልደር ውስጥ ይጥላል። ጠዋት ገብቼ አንዱን ስከፍት፣ ኮምፒውተሩ አስቦ እስኪጨርስ ቡናዬ ይቀዘቅዛል።

መንገዱ ኤዲኦ (ADO፣ ኮድ ከዳታ ምንጭ ጋር የሚገናኝበት የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ይባላል። ከኤክሴሉ ቪቢኤ (VBA፣ ኤክሴል ውስጥ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ) ውስጥ ኮኔክሽን ትከፍቻለሽ። ፋይሉ እንደ ዳታቤዝ፣ ሺቱ እንደ ሠንጠረዥ ይቆጠራል። የምትፈልጊውን በኤስኪውኤል (SQL፣ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ትጠይቂና የመጣውን ሪከርድሴት፣ ማለትም የመልሱን ረድፎች፣ በአንድ ትእዛዝ ሺትሽ ላይ ታፈሺዋለሽ። የዓምዶቹ ርእስ ግን አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው መጻፍ አለብሽ። የሺቱ ስም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ መጨረሻው ላይ የዶላር ምልክት ይኖረዋል። ዶላሯን ከረሳሽ «የምትይው ነገር የለም» ይልሻል።

ፋይሉን የሚያነብልሽ ድራይቨር፣ ፕሮቫይደር የሚባለው፣ ለድሮው ኤክስኤልኤስ ጄት 4.0፣ ለአዲሱ ኤክስኤልኤስኤክስ ደግሞ ኤሲኢ 12.0 ነው። ጄት 32 ቢት ብቻ ነው። ኤሲኢም ከኦፊስሽ ቢት (32 ወይም 64) ጋር መግጠም አለበት። እኔ ዘንድ ሲሠራ የነበረው ኮድ አለቃዬ ኮምፒውተር ላይ «ፕሮቫይደሩ አልተመዘገበም» ብሎ ያሳፈረኝ በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔን ጉድ የሠራኝ ሌላ ነው።

ድራይቨሩ የአንድ ዓምድ ይዘት ቁጥር ይሁን ጽሑፍ የሚገምተው የመጀመሪያዎቹን 8 ረድፎች አይቶ ነው። በግምቱ ቁጥር ነው ካለ፣ ከታች የሚመጣውን ጽሑፍ ባዶ አድርጎ ያልፈዋል። ስህተት አይልም፤ ዝም። የመርካቶው ፋይል ላይ የአምፖል ኮዶች ከላይ ነበሩ፣ ሁሉም ቁጥር። የገመድ ኮዶች ግን «ኬ-210» ዓይነት ናቸው፣ እነሱም ከታች። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ከሺቱ ግርጌ ያሉትን ባዶ ረድፎች ለማስቀረት «የዕቃው ኮድ ባዶ ያልሆነውን ብቻ አምጣ» ብዬው ነበር። ሪፖርቱ ወጣ። አለቃዬ አየት አደረገውና «መርካቶ በዚህ ወር ገመድ አልሸጠም እንዴ?» አለኝ። ገመድ ያልሸጠ የመርካቶ ኤሌክትሪክ ቤት!

ብዙ ሰው አይሜክስን (IMEX፣ ድብልቅ ዓምድ እንደ ጽሑፍ እንዲነበብ ኮኔክሽኑ ላይ የሚጻፍ ቅንብር) 1 አድርጊ ይልሻል። ልክ ነው፣ ግን የሚሠራው ድብልቁ በ8ቱ ረድፍ ውስጥ ከታየ ብቻ ነው። እኔ የያዝኩት ዘዴ አይሜክስን 1 እንዳደረግኩ ኤችዲአርንም (HDR፣ የመጀመሪያው ረድፍ ርእስ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ቅንብር) «ኖ» ማድረግ ነው። ያኔ የርእሱ ረድፍ ራሱ እንደ ዳታ ይነበባል። ርእስ ጽሑፍ ስለሆነ ዓምዱ ድብልቅ ይመስላል፣ አይሜክስም ሁሉንም ጽሑፍ አድርጎ ያመጣዋል። የዓምዶቹ ስም ኤፍ1፣ ኤፍ2 እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ረድፍ ትጥያለሽ፤ ብርና ብዛቱን ወደ ቁጥር ትመልሻለሽ። ትንሽ ያሰለቻል፣ ገመድ ግን አይጠፋም።

የእኛ አገር ቀን ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ጸሐፊዋ ጥቅምት 5ን «5/2/2016» ብላ ስትጽፍ ኤክሴል የፈረንጅ ቀን ነው ብሎ ይቀበላታል። ጥቅምት 30ን «30/2/2016» ስትል ግን የካቲታቸው 30 ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። አንድ ዓምድ፣ ሁለት ዓይነት ዳታ። እኔ በመጨረሻ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያየ ዓምድ እንዲጻፍ አስለመንኩ። አንድ ወር አጉረመረሙ፣ ከዚያ ለመዱት።

ሌላው ቀላል ነው። ፓስወርድ ያለውን ፋይል ዝግ እንደሆነ አያነብልሽም። ፎርሙላ ካለ የምታገኚው መጨረሻ ሴቭ የተደረገውን ውጤት ነው። ረድፍ መሰረዝ አይቻልም፤ ለማንበብ ብቻ ተጠቀሚበት። የተከፈተ ፋይል ላይም ደጋግመሽ አትሩጪው፣ ሚሞሪ ይበላል።

ኦፊስሽ 2016 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነና 14ቱም ፋይል አንድ ዓይነት ቅርጽ ካለው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ፓወር ኩዌሪን (Power Query፣ ኤክሴል ውስጥ ያለውን ዳታ ማምጫ) ሞክሪ። ፎልደሩን ታሳይዋለሽ፣ በየወሩ ሪፍሬሽ ነው። እኔ ኤዲኦ ላይ የቀረሁት የመደብሮቹ ፋይል ቅርጹ ስለሚለያይና ኮዱም አንዴ ስለተጻፈ ነው። የትኛውንም ብትመርጪ ግን የመጀመሪያውን ወር በድሮው መንገድም ሥሪውና የየቅርንጫፉን ድምር አስተያዪ። ካልገጠመ በኮዱ ከመነጫነጭሽ በፊት ከ9ኛው ረድፍ ጀምሮ ያለውን እዪ።