የገጠር ፕላን እንጀራ ይወጣዋል ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ድሬዳዋ የጂኦግራፊ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፣ የገጠር ፕላንና የማኅበረሰብ ልማት ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ፣ እናትሽ ደግሞ «ባንክ ግቢ» ይሉሻል። ማስተርሱን አሁኑኑ ልቀጥል ወይስ ሥራ ልፈልግ ነው ጥያቄሽ።

ማስተርሱ ይቆይ። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ገጠር ሥሪ።

ድሬዳዋ ሲባል ለብዙ ሰው ከዚራና መጋላ ብቻ ነው፤ አስተዳደሩ ግን አብዛኛው መሬቱ ገጠር ነው፣ ዋሂልም ቢዮ አዋሌም በሥሩ ናቸው። ከተማው ደግሞ ከላዩ ካለው ተራራ ተለይቶ አይታሰብም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ብዙ ሰው ሲወስድ ውሃው የመጣው ከደጋው፣ ዛፉ ከተመናመነበት ዳገት ነው። ተፋሰሱ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። ሐረርንም እይ፤ ለብዙ ዓመት ውሃዋን ያገኘችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፣ ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ መጣላት። የአንቺ ሙያ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ማየት ነው።

አንድ ስህተቴን ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ቀበሌ የውሃ ቦኖ ቦታ የመረጥኩት ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ካርታ ላይ ነው። ለመንገድም ለቤቶቹም ቅርብ፣ ልክክ ያለ ቦታ! ተሠራ፣ ተመረቀ፣ ልጃገረዶቹ ግን ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ድሮው ምንጭ መሄዳቸውን አልተዉም። ለካ ቦኖው የቆመው ወንዶቹ ከሰዓት በርጫ ከሚቀመጡበት ዛፍ ሥር ኖሯል። ማን በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ጎንበስ ብሎ ይቀዳል አቦ? አንዲት እናት «ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ስለዚህ ኦሮምኛሽን አጥሪ። በአስተርጓሚ የሚሰማ ሽማግሌ ግማሹን ነው የሚነግርሽ። ወደ ቆላው ከወረድሽ ሶማሊኛም ያስፈልግሻል። ኪው ጂአይኤስ የሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ላፕቶፕ ካለሽ ዛሬ ጫኚው። ኤክሴል ደግሞ ግዴታ ነው። ሌላው ማንም የማያስተምርሽ ነገር በጀት ማንበብ ነው፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ፕላንሽ በጀቱ ከተደለደለ በኋላ ከደረሰ የሚጠብቀው ሼልፍ ነው።

ደሞዙን አልዋሽሽም። መንግሥት ቤት ይከፍላል ግን ጥቂት ነው፣ ግብርና፣ ውሃ ወይም ፕላን ቢሮ ብትገቢ ግን አሠራሩን ከውስጥ ታያለሽ። ኤንጂኦ ይሻላል፣ ግን ኮንትራት ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አንቺም ትዘጊያለሽ። ባንክ ላይ እናትሽ አልተሳሳቱም፣ በየወሩ የምትቆጠር ብር ናት፤ አንድ ዓመት ሞክረሽ ወደ ገጠሩ እመለሳለሁ ብትዪ ግን እጠራጠራለሁ፣ የተመለሰ ሰው ብዙም አላየሁም።

አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ካልመረጥሽ አንድ የገጠር ቀበሌ ያዢ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አግኚው፣ ከሱ ጋር ሦስት ቀን ዙሪ፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች የሠሩትን እርከን እይ፣ የቱ እንደቆመ የቱ እንደተናደ ጻፊ። ለኢንተርቪው ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይበልጥብሻል።

ሲቪሽን ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። «ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ» የሚለውን መስመር ግን ከመላክሽ በፊት አጥፊው።