ፌስታል ውስጥ የተቀመጠው ነጠላ

ጤና ይስጥልኝ፤

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። በሰፈራችን “መንፈሳዊ ሴት” ነው የምባለው። እሑድ ቅዳሴ አይቀርብኝም። ማኅበር እጠጣለሁ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ገብቼ ዱቄት ስፈልግ ከጆንያው ጀርባ አንድ ፌስታል አገኘሁ። ውስጡ ነጠላ ነበር፤ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ሠራተኛዬን ጠርቼ “የማን ነው?” አልኳት።

“የኔ ነው እትዬ። ከአገር ስመጣ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ብላ የሰጠችኝ ነው” አለችኝ።

እኔ ቤት ከገባች 1 ዓመት ከ4 ወር ሆኗታል። አንድም ቀን አልለበሰችውም። እሑድ እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ስንወጣ እሷ ምሳ ለማድረስ ሽንኩርት ትከትፋለች።

እሷም እንደኔ ትጾማለች። እኔ 9 ሰዓት ላይ ገበታ ስቀርብ ግን እሷ ገና እያመላለሰች ነው። የምትቀምሰው ከሁላችን በኋላ ነው። ባለፈው ወር ፔርሙዝ ሰበረች ብዬ ከደሞዟ 800 ብር ቆርጫለሁ። በዚያው ወር ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ 3,000 ብር ሰጥቼ ስሜ በማይክ ሲነበብ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ለጸሎት ስቆም ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ፌስታል ነው። ለካ ሃይማኖቴ ለሰው ዓይን ኖሯል? ንስሐ አባቴ ፊት መቅረብ አፈርኩ። እንዲህ ሆኜ ከምጾም ብተወው አይሻልም?

እህታችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ጾሙን አትተዪ። ፌስታሉን መልሰሽ ከጆንያው ጀርባ ልትሸጉጪው ትችዪ ነበር። አላደረግሽውም።

ዛሬ ማታ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን አንብቢ። ሕዝቡ “ጾምን፤ ታዲያ ለምን አላየኸንም?” ብሎ ያማርራል። የመጣለት መልስ ስለ ምግብ አይደለም፤ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 5 ላይም ሰንበት የታዘዘው ለጌታው ብቻ አይደለም፤ ሎሌውና ገረዱም እንደ እሱ እንዲያርፉ ነው። ያንቺ እሑድ እስካሁን የቆመው በዚያች ልጅ ጉልበት ላይ ነው።

የ800 ብሩ ነገር ሆዴን በላው። ለእናቷ የምትልከው ሊሆን ይችላል እኮ። መልሺላት። ከሚመጣው ደሞዝ ጋር አይደለም፣ ዛሬ። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ሲቀበል የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው።

ከዚያ ቁጭ በይና “በድዬሻለሁ” በያት። አታልቅሺባት፤ ካለቀስሽ አጽናኟ እሷ ትሆናለች። “ይቅር ብዬሻለሁ በይኝ” ብለሽም አታስጨንቂያት። እንጀራዋ በእጅሽ ያለ ልጅ እምቢ ማለት አትችልም። ይቅርታውን በራሷ ጊዜ ትስጥሽ። ለማኅበሩ ሴቶችም አታውሪው። ለንስሐ አባትሽ ግን ሳታስቀሪ ንገሪያቸው፤ ፌስታሉንም፣ ፔርሙዙንም፣ ማይኩንም።

እሑድን ልቀቂላት። ልጆችሽን ይዛ ከኋላሽ እንድትሄድ አይደለም፤ ያ ሥራ ነው። የአገሯ ልጆች የሚሳለሙበት ደብር ካለ እዚያ ትሂድ። ምሳውን አንቺ ሥሪ፣ ባለቤትሽም ያግዝሽ። ቅዳሴ ይቀርብኛል ብለሽ አትስጊ። በሁዳዴ በሥራ ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ተራ መግባት ትችላላችሁ። 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሽሮው ይቅረብና እሷም ትቀመጥ፤ አንድ ላይ ብሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የግቢው ቁልፍ አላት? ከሌላት እስከ ቅዳሜ አስቀርጪላት። የእሑድ ቅዳሴ የሚገባው በማለዳ ነው፤ በር ለማስከፈት አንቺን መቀስቀስ የለባትም።