ኮስቲክ ሶዳ ጨመርኩ፣ ሳሙናው ግን አልጨመረም

ጥያቄ፦ ቤቴ ሳሙና አፍልቼ እሸጣለሁ። ለ10 ኪሎ የፓልም ዘይት 1.4 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ ስጠቀም ሳሙናው ቅባት ቅባት እያለ አስቸገረኝ። አዲስ ጆንያ ከፍቼ 1.8 ኪሎ አደረግሁት። አሁን ደግሞ እጅ ያቃጥላል። በጨው ለይቼ ስመዝነው 12 ኪሎ ሆነ፤ በስሌት የሚወጣው ግን 10.3 ኪሎ ነው። 116 በመቶ ምርት አለ እንዴ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ያንን ሳሙና ለማንም እንዳይሸጡ አደራ። የሚያቃጥለው የሚይዘው ዘይት ያጣ ኮስቲክ ሶዳ ውስጡ ስለቀረ ነው።

አንድ የዘይት ሞለኪውል ሦስት ኮስቲክ ሶዳ ወስዶ ሦስት ሳሙናና አንድ ግሊሰሪን ይሰጣል። በሚዛን ሲታሰብ 1 ኪሎ የፓልም ዘይት 141 ግራም ገደማ ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል፤ ለ10 ኪሎው 1.41 ኪሎ ማለት ነው። 1.8 ሲያደርጉት ዘይቱ ቀድሞ አለቀና 390 ግራም ሥራ ፈቶ ቀረ። ሳሙናው ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስነው ቀድሞ የሚያልቀው ነው፤ ኬሚስቶች ሊሚቲንግ ሪኤጀንት ይሉታል። ዘይቱ ካለቀ በኋላ 5 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ ቢጨምሩም አንድ ግራም ሳሙና አያገኙም።

ታዲያ 1.4 ኪሎው ለምን አነሰ? እኔ የምጠረጥረው አሮጌውን ጆንያ ነው። ኮስቲክ ሶዳ የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኝም ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ ዘይቱን ሳሙና አያደርግም። አንድ ክረምት አፉን ሳላስር የተውኩት ጆንያ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት አውጥቶ አገኘሁት። ሚዛን ላይ ልክ ነበር፤ ድስት ውስጥ ግን ዘይቱ ሳይያዝ ተንሳፈፈ። የእርስዎ 80 በመቶ ብቻ ንጹሕ ከነበረ፣ 1.4 ኪሎው በእውነት 1.12 ኪሎ ነው፤ የሚይዘውም 8 ኪሎ ያህል ዘይት ነው። 2 ኪሎው ቅባት ሆኖ ቀረ። ያኔ ቀድሞ ያለቀው ኮስቲክ ሶዳው ነበር። ድስትዎ አሉሚኒየም ከሆነም ይቀይሩት፤ ኮስቲክ ሶዳውን ይበላዋል፣ በዚያ ላይ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ይወጣል።

ወደ 116 በመቶው ስንመጣ፣ ስሌትዎ ትክክል ነው፦ 10 ኪሎ ዘይት ሲደመር 1.41፣ ግሊሰሪኑ 1.08 ሲቀነስ፣ 10.33 ኪሎ። ግን ይህ የደረቅ ሳሙና ክብደት ነው፤ እርስዎ የመዘኑት ውኃ ያዘለውን ነው። 100 ግራም በቀጭኑ ከትፈው ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በዝግታ ያድርቁት። 70 ግራም ከቀረ፣ የ12 ኪሎው ደረቅ 8.4 ኪሎ ነው፤ ለ10.33 ሲካፈል 81 በመቶ። የቀረው ድስቱ ላይ ተጣብቋል፣ ወይም ከሥር ካፈሰሱት ፈሳሽ ጋር ሄዷል። ይህን መለኪያ ግን ሳሙናውን ካጠቡ በኋላ ይሥሩት፤ የተረፈው ኮስቲክ ሶዳና ጨውም ሚዛን ላይ ይወጣሉ።

አጠባው እንዲህ ነው። ሳሙናውን ከትፈው በውኃ እንደገና ያፍሉት፤ ሲላላ ጨው የበዛበት ውኃ ጨምረው ሳሙናው ከላይ እስኪንሳፈፍ ይተዉት፤ ከሥር ያለውን ፈሳሽ በጓንት ያፍስሱት። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ አዲስ የተቆረጠ ገጽ ላይ አንድ ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ኮስቲክ ሶዳ ሲያገኝ ቀለሙ ሮዝ የሚሆን የኬሚስትሪ መመርመሪያ ፈሳሽ) ያድርጉ፤ ደማቅ ሮዝ ከሆነ ገና ነው። ለ390 ግራሙ በስሌት 2.8 ኪሎ ዘይት ይበቃል ብለው በአንዴ እንዳያፈሱበት፤ ከፊሉ ኮስቲክ ሶዳ ቀድሞ ካፈሰሱት ፈሳሽ ጋር ስለሄደ ተመልሶ ቅባት ይሆንብዎታል። የግድ ከሆነ ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየጨመሩ፣ እያፈሉ ይሞክሩት።

ለሚቀጥለው እኔ ለ10 ኪሎ ዘይት ከአዲስ ጆንያ 1.34 ኪሎ ነው የማደርገው፤ 5 በመቶ ዘይት ሆን ብዬ አተርፋለሁ፣ ለእጅ ይለሰልሳል። ኮስቲክ ሶዳውን ሁልጊዜ ወደ ውኃው ይጨምሩ እንጂ ውኃ በላዩ አያፍስሱበት፤ መነጽርም አይርሱ።